ባሕር የገባባት መኪና

መቼም ሰው አሮጌ መኪና ሲገዛ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ለምን እንደሚመታ ግን አያውቅም። ኮፈኑን ያስከፍትና ሞተሩን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ምን እንዳየ ቢጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል። እኔም በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ሐረር ከተማ፣ ሸዋ በር አጠገብ ቆሜ ይህን ሁሉ በወጉ አድርጌአለሁ። መታሁ፤ አስከፈትሁ፤ ነቀነቅሁ። ሳላደርግ የቀረሁት አንድ ነገር ቢኖር ቴፑን ማዳመጥ ነው። ደግሞስ ዘፈን አዳምጦ መኪና የሚገዛ ሰው አለ?

መኪናዋ ከጃፓን ተነስታ በጅቡቲ በኩል የገባች፣ ቀለሟ ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ዕድሜዋን የማትናገር ነበረች። መሪዋ በቀኝ በኩል ስለነበር አንድ ባለሙያ ነቅሎ ወደ ግራ አዛውሮታል። ሲያዛውር ሽቦዎቹን ከምን ጋር እንዳጋባቸው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ብቻ ሞተሩ ሲነሳ ቴፑም አብሮ ይነሳል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ቴፑም ይጠፋል። መካከል ገብቶ ማስታረቅ አይቻልም። የድምፅ መቀነሻው ተነቅሎ ቦታው ላይ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ካሴቱ ሆዷ ውስጥ ተሰንቅሮ አልወጣም ብሏል። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ቀጭ ይልና ራሱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እንዲህ እያለ ቤንዚን እስካለ ድረስ ይዘፍናል።

የገዛኋት ዕለት ቁልፉን ሳዞር መጀመሪያ የሰማሁት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ጎማ ተነፈሰ ብዬ ወረድሁ። አራቱንም እየዞርሁ በእግሬ መታሁ፤ አሁን እንኳ ምክንያት ነበረኝ። ሁሉም ደህና ናቸው። ተመልሼ ስገባ ሽሽታው ሄደ፤ መጣ፤ እንደገና ሄደ። ቀጥሎ ጊታር ገባ። ከዚያ አንዲት ሴት በጃፓንኛ መዝፈን ጀመረች። ካሴቱ ቢያረጅ ነው የሚያሾካሹከው አልሁና ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ቋንቋው ለእኔ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዜማው ግን የኛ ትዝታ የአጎት ልጅ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ተለያይተው ያደጉ ይመስለኛል። በሰፈር ሳልፍ ወጣቶቹ ይስቁብኛል፤ አንዳንዱም ዓይኑን በጣቱ እየጎተተ ያሾፋል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ግን ሲሰማ ዝም ይላል። ሸዋ በር ላይ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት «እስቲ ትንሽ ቁም፤ አንጀቴን በላችው» ብላ አስቁማኛለች። ምን እያለች እንደሆነ ሳናውቅ ሁላችንም የየራሳችንን ሐዘን እናስታምምባት ነበር።

ምን እያለች እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ተፈራ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢኖርም አይነግሩንም። «ይህች ሴት» አሉ የኋላ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ «ባሏ በጦርነት የሞተባት ናት። በበረዶ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች።» እኛም ለረጅም ጊዜ ባሏን አብረናት አለቀስን።

አንድ ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንድ ጃፓናዊ ቱሪስት አጋጠመን። የእኔ እኩያ ነው፤ ጸጉሩ ሳስቷል። ዘፈኑን ሲሰማ ካሜራውን አወረደና ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ አብሯት መዝፈን ጀመረ። አስጎብኚው እንደተረጎመልን፣ ካሴቱ ውስጥ ያሉት በእሱ ወጣትነት ጊዜ የነበሩ የበጋ ዘፈኖች ናቸው። በአገሩ እንዲህ ያሉትን እየለቀሙ በአንድ ካሴት ላይ ያወጧቸዋል፤ የሚገዛቸውም ወገቡን ማመም የጀመረው ሰው ነው። ባሏ የሞተባት የለችም። በበረዶ ውስጥ የቆመችም የለችም። ዘፈኑ በነሐሴ ሙቀት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደው ሐብሐብ ስለበሉ ልጆች ነው።

«በነሐሴ?» አልሁ። እኛ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ነን።

«የነሱ በጋ በኛ ክረምት ነው፤ ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል» አሉ ጋሽ ተፈራ። ስለ ሟቹ ባል ግን ትንፍሽ አላሉም። ሰውየው ሲሰናበተን የመኪናዋን ጣሪያ እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጋት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ መኪና ያለው ሰው ወሬ ይበዛበታል።

ታላቅ እህቴ እትዬ ንግሥት ሳምሶን የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አላት። ሳምሶን ማርታ የምትባል አስተማሪ ወደደ፤ ማርታም ወደደችው። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ችግሩ የማርታ አባት ናቸው። ሻምበል እንላቸዋለን። ሐረር ውስጥ ወታደር ሆኖ ጡረታ የወጣን ሰው ሁሉ ሻምበል ወይም ሻለቃ እንላለን፤ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደሠሩ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለን አንጠይቅም። እሳቸውም አይናገሩም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከማርታ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ከዚህ በፊት የሄዱ ሽማግሌዎችን ከበር መልሰዋል። ማርታ ደግሞ አባቴ እሺ ካላለ አላገባም ብላለች። ሳምሶን ከሰውነት ጎዳና ወጥቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎታል።

እህቴ ሦስት ሽማግሌ መረጠች። አንደኛው ጋሽ ተፈራ፤ አንደበት አላቸው። ሁለተኛው አው ዑመር፤ በጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር የተባለው የልብስ ሰፊዎች መንደር ውስጥ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ከሟች አባቴ ጋር ወንድማማች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ውሸት ተናግረው አያውቁም። ሦስተኛው እኔ፤ መኪና አለኝ።

«አንተ እንዳትናገር» አለችኝ እህቴ። «ንዳ ብቻ።»

ባለቤቴ አስካለ ነጠላዬን እያስተካከለች ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨመረች፤ «ጀሪካኑን አውርደው፤ ሽማግሌ ውኃ እየተንጠባጠበ አይሄድም።» ሐረር በዚያን ጊዜ ቧንቧው ደስ ሲለው ብቻ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ መኪናዋ ሰው ከምትጭነው ይልቅ ውኃ የምትጭነው ይበልጣል። አንደኛው ጀሪካን ደግሞ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል፤ እጥለዋለሁ እያልሁ ዓመት አለፈ። እኔም አወርደዋለሁ ብዬ ሳላወርደው ሄድን። ከፊት ወንበር ኋላ ተቀምጦ እያንጠባጠበ ምንጣፉን አረጠበው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻምበል ቤት ደረስን። ሞተሩን ገና ከማዕዘኑ ላይ አጥፍቼ መኪናዋን በቁልቁለቱ ለቀቅኋት፤ ሽማግሌ በዘፈን ታጅቦ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገባን። እንደ ደንቡ ቆመን ቀረን። «ተቀመጡ» አሉን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተፈራ። ከዚያ የሳምሶንን ዘር ማንዘር ጀመሩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ልጁ ሠራተኛ ነው፤ ልጁ መጠጥ አያውቅም። ሻምበል ግድግዳውን እያዩ ሰሙ። ሲጨርሱ «ልጄ ገና ናት» አሉ። በቃ። እስከ በሩ ድረስ ግን በክብር ሸኙን።

እዚያ ላይ ማምለጫ የለም፤ መኪናዋ ሽቅብ አትለቀቅም። ቁልፉን አዞርሁ። ሽሽሽ አለች።

ሻምበል ዘወር ሊሉ የነበሩት ቆሙ። እጃቸውን መስኮቱ ላይ አደረጉ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቴፑ ተበላሽቶ ነው፤ አልጠፋ ብሎ...»

«ዝም በል።» ከዚያ ከፊት ለተቀመጡት ለጋሽ ተፈራ «ይቅርታ፣ ወደ ኋላ ቢያልፉልኝ» አሉ። ጋሽ ተፈራ ወደ ኋላ አለፉ። ሻምበል ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውንም አወለቁና ጫማው ውስጥ ሸጎጡት። በባዶ እግራቸው ገብተው እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ረገጡና ተቀመጡ። ሦስት ሽማግሌ አየናቸው። ሴትዮዋ ዘፍና ጨረሰች፤ ሽሽታው እንደገና ሄዶ መጣ። እሳቸው ወረዱ። ጫማቸውን እያሰሩ «በሚመጣው እሑድ ተመለሱ። በዚህችው መኪና» አሉን።

 ሸዋ በር ላይ ጋሽ ተፈራ ፈረዱ።

«ተቀይመዋል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ዘፈን ይለቃል? ጫማ ማውለቃቸው በወታደር ቤት የንቀት ምልክት ነው።»

«ወላሂ፣ የተቀየመ ሰው አይመስሉም ነበር» አሉ አው ዑመር። «እኛ መስጊድ ስንገባ ነው እንዲህ የምናወልቀው።»

«በዚህችው መኪና ያሉት ፈተና ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ታርማችሁ ኑ ማለታቸው ነው። መኪናዋ ያው፣ ጨዋነቱ ሌላ።»

ለእኔ ይህ ማብራሪያ ፀሐይ ሆኖ ታየኝ። ሽማግሌነት ማለት ክብር ነው፤ ክብር ማለት ዝምታ ነው፤ ስለዚህ ቴፑ መውጣት አለበት። በማግስቱ መካኒክ ሚፍታህ ዘንድ ወሰድኋት። «አቦ ጋሼ፣ ሆዷን መቅደድ ሊኖርብኝ ነው» አለ። «ቅደድ» አልሁ። በፒንሳ ይዞ ሳበ። የካሴቱ ልባስ ተሰባበረ፤ ክሩ እንደ ተተበተበ ሹራብ እየተግተለተለ ወጣ። ሽቦውንም በጠሰልኝ። ቁልፉን ሳዞር የሞተር ድምፅ ብቻ ተሰማ። እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ ነው ብዬ ተደሰትሁ።

እሑድ ደረሰ። ገና ከሩቅ ስናይ የሻምበል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸውም ካፖርታቸውን ለብሰው ደጅ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሻምበል ግን ንግግሩን አልጠበቁም። የፊት በር ከፈቱ፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ ገቡና ተቀመጡ።

«አስነሳ» አሉኝ።

አስነሳሁ። ሞተሩ ዝም ብሎ ተንደቀደቀ። እሳቸው ጠበቁ። እኔም ፈገግ ብዬ ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

«የት አለ?»

«አስወጣነው ሻምበል። ለእርስዎ ክብር ሲባል።»

ወረዱ። ካልሲያቸውን አጠለቁ፤ ጫማቸውን ቀስ ብለው አሰሩ። አንዱን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩት። «በመጣችሁበት ተመለሱ» አሉ። በሩ ተዘጋ። በመስኮት በኩል ማርታ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን አየሁ።

እህቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ዘመድ ያነበዋል። ሳምሶን ግን ምንም አላለኝም። «ጋሼ፣ ደክመሃል» ብሎ ሻይ አቀረበልኝ፤ እሱ ነው የጎዳኝ። ስኳሩን ሦስት ጊዜ ጨመረበት፤ ሐሳቡ እዚያ አልነበረም። 

ሚፍታህ ዘንድ ሮጥሁ። «ክሩ የት አለ?»

«የትኛው ክር? አቦ፣ እሱን እኮ ለአማቼ ሰጠሁት። ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ማሽላ አለው። ወፍ አስቸግሮታል።»

የማታውቁ ካላችሁ፣ የካሴት ክር ማሽላ ላይ በእንጨት መካከል ሲወጠር በነፋስ ይጮኻል፤ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ወፍ አይታው ሳትጨርስ ትሸሻለች። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው እሸት ይዟል። ሦስታችን ሽማግሌዎች ሐኪም ጋራ ወጣን። የማሳው ባለቤት፣ የሚፍታህ አማች ኦቦ አህመድ ተቀበለን፤ ከበላዩ ያቺ የጃፓን ሴት ከዳር እስከ ዳር ተወጥራ ታብለጨልጫለች።

«አልሰጥም» አለ ኦቦ አህመድ። «ወፉ እንዲህ የፈራው ክር አይቼ አላውቅም። ማሽላዬን ማን ይጠብቅልኛል?»

አው ዑመር እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ የሁለት ልጆች ኒካህ በዚህ ክር ላይ ተንጠልጥሏል። ለአላህ ብለህ።»

ኦቦ አህመድ አሰበ። «ሌላ ክር አምጡልኝና ውሰዱት።»

ሌላ ክር ያለው ሰው ደግሞ እኔ ነበርሁ። አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን ካሴት አለ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛኋቸው፣ ከጓደኛ የቀዳኋቸው፣ ከአስካለ ጋር ስንተጫጭ ከአንድ ቴፕ ሥር ተቀምጠን የሰማናቸው ናቸው። ቴፔ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አልሰማቸውም። ግን አሉ። መኖራቸው ይበቃኝ ነበር። ካርቶኑን ስጎትት እጄ ከበደኝ፤ ሐዘን ተሰማኝ ብል ማጋነን አይደለም።

አስካለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷን አነሳችና ብብቷ ውስጥ ከተተቻት።

«ይህችን አትወስድም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ወፎቹም ይተክዛሉ እንጂ መች ይሸሻሉ» አለችኝ።

እንግዲህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሐኪም ጋራ ያለፈ ሰው ያየውን ልንገራችሁ። ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎችና ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት ማሽላ ውስጥ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይንጠራራሉ። ጋሽ ተፈራ እሾህ ላይ የተያዘ ክር ሊያስለቅቁ ብለው ራሳቸው ተያዙ። እኔ በአንድ ክንዴ የጃፓንን በጋ እየጠመጠምሁ፣ በሌላው የራሴን ወጣትነት እንጨት ላይ እወጥራለሁ። ጫት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው አዩን። አንዷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሌሎቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። አው ዑመር ምን እንዳለች ያውቃሉ፤ ስጠይቃቸው «ተወው፤ አይጠቅምህም» አሉኝ።

ክሩን በፌስታል ጠቅጥቀን መኪና ግርግር ወሰድነው። በእስክሪብቶ እናጠንጥን ብንል ፋሲካ ይደርስብናል። አው ዑመር የልብስ ስፌት መኪናቸውን አዩ፤ ክር ማጠንጠኛዋን አዩ፤ «ክር ክር ነው፤ አብሽሩ» አሉ። የካሴቱን ማዞሪያ እዚያ ላይ ሰክተው በእግራቸው ፔዳሉን ረገጡ። ክሩ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ገባ። ልባሱ ስለተሰባበረ ጋሽ ተፈራ የራሳቸውን አንድ ካሴት መሥዋዕት አደረጉ፤ ሲያበቃ የጃፓኗ ሴት «እንግሊዝኛ ለጀማሪዎች» በሚል ልባስ ውስጥ ገባች። ሚፍታህ ቴፑን ጠግኖ ሽቦውን መልሶ ቀጠለልኝ።

ለመሞከር እንኳ ትዕግሥት አልነበረንም። እሑድ በቀጥታ ሄድን። የሻምበል በር ተዘግቷል። አላንኳኳንም፤ ምን ብለን? ደጁ ላይ ቆሜ ቁልፉን አዞርሁ።

የወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። ሴትዮዋ ክዳን የተደፋበት ድስት ውስጥ ሆና የምትዘፍን ይመስላል። ጊታሩ ሲጀምር ያብጥና ሲያልቅ ይቆረጣል። ዜማው ያው ነው ልበል ብል ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

«ሌላ ገጽ ይሆናል» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ ግንባራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል።

በሩ ተከፈተ። ሻምበል ወጡ፤ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ጠጠሩን እየረገጡ መጡ፤ ጋሽ ተፈራ ሳይጠየቁ ወደ ኋላ አለፉ። ተቀመጡ። ፊታቸው ተኮሳተረ። «ሴትዮዋን ምን አደረጋችኋት?» አሉ።  የሳምሶን ሻይ ትዝ አለኝ።

በዚህ መካከል ዘፈኑ አለቀ። ሽሽሽ አለ። ሄደ። መጣ።

«አሁን ዝም በሉ» አሉ ሻምበል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእግራቸው ጣቶች እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ተንቀሳቀሱ።

«ባሕር ነው» አሉ።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የተነፈሰ ጎማ፣ ያረጀ ካሴት እያልሁ ባሕር ጭኜ ስዞር ኖሬአለሁ።

«ሻምበል የምትሉኝ ዝም ብላችሁ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የባሕር ኃይል ነበርሁ። ምጽዋ። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን አውልቄ ውኃው ዳር እቆም ነበር። ማርታ እዚያ ተወለደች። ስንወጣ ገና ትንሽ ስለነበረች አታስታውሰውም። ባሕሩ እንዴት ነበር የሚለው ብላ ስትጠይቀኝ በአፌ ሽሽሽ እላታለሁ፤ እባብ ነው የሚመስለው ብላ ትስቃለች። ከዚያ ይዤ የወጣሁት እሷን ብቻ ነው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እሷንም ሊወስዱብኝ ነው እላለሁ።»

ሞተሩ እንዳይጠፋብን ቤንዚኑን ረገጥ አደረግሁ። 

ሻምበል በመስኮቱ ተጣሩ። «ማርታ! ነይ።»

መጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ይኸውልሽ፤ እንዲህ ነው የሚለው» አሏት። እሷም አዳመጠች። እየሄደ፣ እየመጣ። እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አደረገች፤ ለብዙ ጊዜ አላነሳችውም። እኔ አፍንጫዬን ለመናፈጥ ብዬ መሐረብ ፈለግሁ። መሐረቡ አው ዑመር እጅ ላይ ነበር።

በመጨረሻ ሻምበል ወደ ኋላ ዞሩ። «ይህ ሳምሶን የምትሉት ልጅ፣ ዋና ይችላል?»

እስቲ አስቡት፤ ሐረር ላይ። ሰው በጀሪካን ተራ ይዞ ፊቱን በሚታጠብበት ከተማ። ነገር ግን የሽማግሌ ሥራ ማመስገን ነው፤ ጋሽ ተፈራም ቀድመውን «እንዴታ፣ እንደ ዓሣ ነው» አሉ። እኔም በሁለት እጄ አየሩን እየቀዘፍሁ አሳየሁ።

«ወላሂ አይችልም» አሉ አው ዑመር። «ውኃ የት አግኝቶ?»

ማርታ ፊት ላይ ደም አልቀረም። የእኔም እጆች አየር ላይ ቀሩ። ሻምበል ግን ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ እሳቸው ውስጥ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም፤ መኪናዋ ተነቃነቀች። «እኔም ስቀጠር አልችልም ነበር» አሉ። «ግቡ፤ እህል ቅመሱ።» ሽማግሌ እህል ቅመሱ ከተባለ ነገሩ እንዳለቀ ታውቃላችሁ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ሙሽሮቹ በዚያችው መኪና ተጫኑ፤ ሽቦው አልተነካም። እልልታውና ጃፓንኛው ተደባልቆ እስከ ፈላና በር ተሰማ። ያን ዕለት ሚፍታህ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ክሩን ስታጠነጥኑ ገልብጣችሁታል እኮ» አለኝ። «ሴትዮዋ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ነው የምትዘፍነው።» አጥብቄ ዝም አስባልሁት። ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሻምበል በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ደጄ ይመጣሉ፤ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ይቀመጣሉ፤ አስነሳ ይላሉ። ማርታ አግብታ ከሄደች ወዲህ ቶሎ አይወርዱም። እኔም አጠገባቸው መሪውን ይዤ አንድ ቦታ ቆሜ ቤንዚን አቃጥላለሁ፤ እያታለልኋቸው እንደሆነ እየተሰማኝ።

አንድ እሑድ አላስቻለኝም። «ሻምበል፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ክሩ ተገልብጧል። የሚሰሙት ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው።»

ወደ ቴፑ አዩ። 

«ማዕበሉም?»

«ማዕበሉም።»

ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። መጣ፤ ሄደ። ወይም ሄደ፤ መጣ።

«አይታወቅበትም» አሉ።

ከኋላችን የተሰነጠቀው ጀሪካን ያንጠባጥባል። አስካለ ስንት ጊዜ ጣለው ብላኛለች። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲዬንም። ውኃው በምንጣፉ ላይ ቀስ ብሎ መጥቶ እግሬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር። አላነሳሁትም።